ተጎታች ቤት ለሚስብ ፒክአፕ የብረት ካሶኒ አሠራር

አፍንጫው በመኪናው የኋላ አክስል ላይ የሚያርፍ ከባድ የመዝናኛ ተጎታች ቤት ለመሳብ ከፋብሪካ የመጣው የፒክአፕ ካሶኒ (ዕቃ የሚጫንበት የኋላ ክፍል) ብዙም አይመችም። የጎን ግድግዳዎቹ ከፍ ስለሚሉ መንገዱ ሲጎረብጥ የተጎታቹን ሆድ ይነካሉ፤ በመያዣው ዙሪያ የሚቀረው ቦታ ዕቃ በአግባቡ አያስቀምጥም፤ ተጎታቹን ለማያያዝም ሆነ ለመፍታት የኋላውን በር በየጊዜው ማውረድና ማንሣት ግድ ይሆናል። መፍትሔው የፋብሪካውን ካሶኒ አውርዶ በምትኩ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ የብረት ካሶኒ መሥራት ነው። ብየዳ የሚችልና መለካት የማይሰለቸው ሰው ከአንድ ረዳት ጋር ሆኖ ሊሠራው ይችላል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በብየዳ ስሕተት ሳይሆን ብረት ከመገዛቱ በፊት መሠራት የነበረባቸው ስሌቶችና ልኬቶች በመዘለላቸው ነው። ይህ መመሪያም ሰፊ ቦታ የሚሰጠው ለእነሱ ነው።

ከዚህ በታች «መያዣ» ሲባል ከተጎታቹ አፍንጫ ሥር የሚወርደውን ኪንግ ፒን (ወፍራም የብረት ዘንግ) ተቀብሎ የሚቆልፈው፣ በመኪናው ላይ የሚተከለው ከባድ የብረት ሳህን ማለት ነው።

በመጀመሪያ ክብደቱን ያስሉ

በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የመኪናው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደትና እያንዳንዱ አክስል ሊሸከም የሚችለው ጭነት ተጽፎ ይገኛል። መኪናውን ነዳጅ ሞልተው በሚዛን ላይ ያስመዝኑ፤ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ያስመዝኑና ቁጥሮቹን ይመዝግቡ። በኋላ የፋብሪካው ካሶኒ ሲወርድ እሱንም ብቻውን መዝነው ይቀንሱለታል። የሚቀረው የመኪናው ትክክለኛ መነሻ ክብደት ነው።

በዚህ ዓይነት ተጎታች፣ በኪንግ ፒኑ በኩል መኪናው ላይ የሚያርፈው ክብደት ብዙውን ጊዜ ከተጎታቹ ሙሉ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ ነው፤ ለስሌት 20 በመቶ መያዝ የተለመደ ነው። ሙሉ ክብደት ሲባል ተጎታቹ ባዶውን ከሻጭ ሲወጣ የሚመዝነው ሳይሆን ውሃው፣ ጋዙ፣ አልጋ ልብሱና የማዕድ ቤት ዕቃው ሁሉ ከገባበት በኋላ የሚመዝነው ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን 200 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንክ ብቻውን 200 ኪሎ ይጨምራል፤ ይህን የሚረሳ ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ለምሳሌ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ 5,000 ኪሎ የሆነ መኪና ያለ ካሶኒ፣ ነዳጅ ሞልቶ 2,700 ኪሎ ቢመዝን 2,300 ኪሎ ይቀረዋል። 6,000 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች ከዚህ ላይ 1,200 ኪሎ ያሳርፍበታል። መያዣው ከነእግሮቹ 100 ኪሎ፣ በጋቢናው የሚሳፈሩት ሰዎችና ጓዛቸው 400 ኪሎ ቢሆኑ፣ ለአዲሱ ካሶኒ፣ ለዕቃ ሳጥኖቹና በውስጣቸው ለሚቀመጠው መሣሪያ በሙሉ የተረፈው 600 ኪሎ ብቻ ነው። ከኪንግ ፒኑ የሚመጣው ጭነት ከሞላ ጎደል በሙሉ የኋላው አክስል ላይ ስለሚወድቅ፣ ጠቅላላው ክብደት ቢበቃ እንኳ የኋላው አክስልና የኋላ ጎማዎቹ የተፈቀደላቸውን እንዳላለፉ ለብቻው መረጋገጥ አለበት።

አሁን ካሶኒውን ከመሥራትዎ በፊት በወረቀት ላይ ይመዝኑት። ብረት ላሜራ በ1 ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት ወደ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ርዝመቱ 2.75 ሜትር፣ ስፋቱ 2.40 ሜትር የሆነ ወለል በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራ 155 ኪሎ ገደማ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ቢሠራ 207 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 100 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነና 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) በሜትር 8.7 ኪሎ ገደማ፣ 50 በ50 ሆኖ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው ደግሞ 4.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚህ ስሌት ወለሉ፣ ሁለቱ ዋና ቁም ብረቶች፣ ስምንት አግዳሚዎችና የዙሪያው ጠርዝ ተደምረው ወደ 330 ኪሎ ይደርሳሉ፤ የጋቢናው መከለያ፣ ማሰሪያዎቹና ፓራፋንጎዎቹ ሲጨመሩ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ለተወሰደው ምሳሌ ይበቃል፤ ለሳጥኖቹም 200 ኪሎ ይተርፋል።

እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ «ይጠንክር» እያልኩ ወለሉን በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ አግዳሚዎቹንም በዋናው ቱቦላሬ ልክ ሠራሁትና ተጎታቹ ገና ሳይያያዝ የመኪናው ጀርባ ዝቅ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ወለሉ የተጎታቹን ክብደት እንደማይሸከም ነበር። የሚሸከመው ሻንሲው (የመኪናው መሠረት የሆኑት ረጃጅም ብረቶች) ነው፤ ወለሉ የሚሸከመው በላዩ የሚቆመውን ሰውና የሚጫነውን ዕቃ ብቻ ስለሆነ፣ አግዳሚዎቹ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ከተደረደሩ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ የማያዳልጥ ላሜራ ከበቂ በላይ ነው።

አሉሚኒየም የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሚመዝን አማራጭ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተለየ የብየዳ መሣሪያና ልምድ ይጠይቃል፤ ከሻንሲው ብረት ጋር በቀጥታ ሲነካካና እርጥበት ሲያገኝም ስለሚበላ በመካከላቸው ጎማ ወይም ፕላስቲክ ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ስለ ብረቱ ነው።

ልኬት

መኪናውን በተስተካከለ ወለል ላይ ያቁሙና ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላው አክስል መሃል ያለውን ርቀት ይለኩ። መሃሉን ለማግኘት ከቸርኬው መሃል ቱንቢ አንጠልጥሎ በወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ በሁለቱም ጎን አድርገው ሁለቱን ነጥቦች በመስመር ያገናኙ። መያዣው የሚተከለው የኪንግ ፒኑ መሃል በዚህ መስመር ላይ ወይም ከእሱ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ጋቢናው ቀደም ብሎ እንዲውል ነው። ከመስመሩ ወደ ኋላ ካለፈ ግን የፊት ጎማዎቹ ክብደት ይቀልላቸዋል፤ መሪውም ይዋልላል።

ቀጥሎ ተጎታቹ ሲታጠፍ ጥጉ የት ድረስ እንደሚደርስ መታወቅ አለበት። ብዙዎች የተጎታቹን ስፋት ግማሽ ወስደው ያልፉታል፤ ኪንግ ፒኑ ከአፍንጫው ወደ ኋላ ገባ ብሎ ስለሚተከል ግን ጥጉ ከዚያ ይርቃል። ስፋቱ 2.44 ሜትር፣ ኪንግ ፒኑም ከጠፍጣፋ አፍንጫው 40 ሴንቲ ሜትር የገባ ቢሆን፣ ከፒኑ እስከ ጥጉ ያለው ርቀት 1.22 ሜትር ሳይሆን 1.28 ሜትር ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ቢገባ 1.36 ሜትር ይሆናል። ስሌት የማይወድ ሰው ረዳቱ የገመዱን ጫፍ በኪንግ ፒኑ መሃል ላይ እንዲይዝለት አድርጎ ገመዱን እስከ ተጎታቹ የፊት ጥግ ይወጥረውና ይለካው፤ ተጎታቹ በየትኛውም ማዕዘን ቢታጠፍ ወደ ጋቢናው ከዚያ አልፎ አይመጣም። አፍንጫው ክብ ወይም ሸርተት ያለ ከሆነ ርቀቱ በዚያው ልክ ያጥራል።

በዚህ ርቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር መጠባበቂያ ይጨምሩበት። ከጋቢናው እስከ አክስሉ 1.42 ሜትር ቢሆንና ፒኑ ከአክስሉ 4 ሴንቲ ሜትር ቢቀድም፣ ከፒኑ እስከ ጋቢናው 1.38 ሜትር ይኖራል፤ ጥጉ 1.28 ሜትር ለሚደርስ ተጎታች ልክ በቂ ነው። ነገር ግን በጋቢናው ጀርባ መከለያ ሊያቆሙ ካሰቡ የመከለያው ውፍረትና በእሱና በጋቢናው መካከል የሚተወው ክፍተት ከዚሁ ላይ ይቀነሳሉ። ከመከለያው ፊት ለፊት ሳጥን የሚያስቀምጥም እንደዚሁ ነው፤ ሳጥኑ ከተጎታቹ ሆድ ዝቅ የሚል ከሆነ ብቻ ችግር የለውም። ቦታው ከጠበበ መከለያውን መተው፣ ወይም ሲታጠፉ ወደ ኋላ የሚንሸራተት መያዣ መግዛት ይሻላል፤ የኋላ መስኮት በተጎታች ጥግ ሲፈርስ ማየት ደስ አይልም።

ከፍታው ሦስተኛው ነገር ነው። ተጎታቹን በእግሮቹ አስተካክለው በውሃ ልክ ካረጋገጡ በኋላ የኪንግ ፒኑን ሳህን ከፍታና የአፍንጫውን የታችኛ ክፍል ከፍታ ከመሬት ይለኩ። በተጎታቹ ሆድና በካሶኒው ላይ በሚገኘው ከፍተኛ ነገር መካከል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መተው አለበት። ባሌስትራው በጭነት ሲተኛ ሁለቱም አብረው ስለሚወርዱ ይህ ክፍተት በክብደት ምክንያት አይለወጥም፤ የሚለወጠው አንደኛው ከሌላው የተለየ ማዕዘን ሲይዝ ነው። መኪናው በጎን 5 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብልና ተጎታቹ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ ከመሃል 1.2 ሜትር ርቆ የሚገኘው የካሶኒው ጠርዝ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ሆዱ ይጠጋል። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ ሲወጣ ወይም ከቦይ ሲሻገር ደግሞ የካሶኒው ጅራት ይነሣል። ስለዚህ የኋላውን የመጨረሻ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ማዘንበልና ሁለቱን የኋላ ጥጎች በ45 ዲግሪ መቁረጥ ለውበት ተብሎ የሚደረግ አይደለም።

በመጨረሻም ጎማው። በኋላው አክስልና በሻንሲው ላይ ባለው የጎማ መግቻ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ አክስሉ ወደ ላይ ሊወጣ የሚችለው እስከዚያ ድረስ ነው። ክፍተቱ 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ መግቻው ራሱ ስለሚጨመቅና አክስሉ በአንድ ጎን ስለሚያዘነብል 5 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩና ከጎማው አናት እስከ ካሶኒው ብረት 14 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ካሶኒውን ከዚህ ዝቅ ማድረግ ከፈለጉ በጎማዎቹ ላይ ወለሉ ተቆርጦ ጉብታ ሊሠራለት ይገባል። የካሶኒው ስፋት በጎማዎቹ ውጫዊ ጠርዝ የሚወሰን ሲሆን በሕግ የተፈቀደው የተሽከርካሪ ስፋት እንዳይታለፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በጠቅላላው 2.55 ሜትር፣ በአሜሪካ ዋና ዋና መንገዶች 2.6 ሜትር ገደማ ነው።

አሮጌውን ማውረድ

የባትሪውን ገመዶች ይፍቱ። የነዳጅ መሙያውን አንገት ከካሶኒው ግድግዳ ላይ ይልቀቁ፤ የኋላ መብራቶቹን፣ የካሜራውንና የተጎታች መሰኪያውን ሽቦዎች ከማያያዣቸው ያላቅቁ እንጂ አይቁረጡ። ካሶኒው በጥቂት ትላልቅ ብሎኖች ብቻ የታሰረ ነው፤ የዛጉ ከሆኑ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከአንድ ቀን በፊት ይርጩባቸው። ለአራት ሰዎች ከባድ ቢሆንም ይነሣል፤ ሰንሰለት ማንሻ ካለ በእሱ ያንሡት።

ሻንሲው ሲገለጥ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉትና በባትሪ መብራት እየተመለከቱ ስንጥቅ ይፈልጉ፤ በተለይ የባሌስትራው ማንጠልጠያዎች የሚያርፉበትን አካባቢ። ስንጥቅ ከተገኘ ሥራው እዚህ ላይ ይቁም።

አጽሙን መሥራት

ካሶኒው የሚበየደው ከመኪናው ርቆ፣ በተስተካከለ ወለል ላይ ነው። ወለሉ ላይ የሻንሲውን ሁለት ቁም ብረቶች፣ የአክስሉን መስመር፣ የፒኑን ነጥብና የጋቢናውን ጀርባ በትክክለኛ መጠናቸው በጠመኔ ይሳሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ብረት በሥዕሉ ላይ እያሳረፉ መቁረጥ ይቻላል።

ሁለቱ ዋና ቁም ብረቶች፣ ማለትም 100 በ50ዎቹ ቱቦላሬዎች፣ በሻንሲው ላይ በትክክል እንዲያርፉ ይደረጋሉ። የፒክአፕ ሻንሲ በአክስሉ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ስለሚቆለመም፣ ቁም ብረቱ ከጉብታው በፊትና በኋላ በየማሰሪያው ቦታ በእግር ይደገፋል። የቁም ብረቶቹ የፊት ጫፍ በድንገት ተቆርጦ መቅረት የለበትም፤ ከታች በኩል ወደ ላይ በሰያፍ ተቆርጦ ይስላል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ሻንሲው ሲታጠፍ ኃይሉን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ይጭንበታል፤ ሻንሲ ከጋቢናው ጀርባ የሚሰነጠቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አግዳሚዎቹ በቁም ብረቶቹ ላይ ይደረደራሉ። ከሁሉ በፊት አጽሙን በጥቂት ነጥብ ብየዳ ብቻ ያያይዙና ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ፤ 2.75 በ2.40 ሜትር ለሆነ ካሶኒ ሁለቱም ሰያፎች 3.65 ሜትር መሆን አለባቸው። ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ረጅሙን ሰያፍ በማጥበቂያ ሰንሰለት ስበው ያስተካክሉት። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) በዚህ ርዝመት ላይ አይታመንም።

የመያዣው ቦታ በወለሉ መሃል ክፍት ሆኖ ይቀራል። መያዣው በራሱ እግሮች ወርዶ፣ በአምራቹ ማሰሪያዎች ከሻንሲው ጋር በቀጥታ በብሎን ይታሰራል፤ የካሶኒው ላሜራም ሆነ አግዳሚ በመካከሉ ገብቶ ጭነት መቀበል የለበትም። ክፍቱ የሚያቋርጣቸውን አግዳሚዎች ጫፍ ሁለት ተጨማሪ ቁራጭ ቱቦላሬዎች ዙሪያውን ይይዟቸዋል። የክፍቱን ስፋት ሲወስኑ መያዣውን ብቻ ሳይሆን የመልቀቂያ እጀታውንና እሱን የሚስበውን እጅ ያስቡ። እጀታውን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ስበው ይለኩ፤ ጓንት ያጠለቀ ጡጫ የሚገባበት 12 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት። እኔ እጀታው ተዘግቶ ሳለ ለክቼ ስለነበር ካሶኒው ተቀብቶ ካለቀ በኋላ እጀታው መንገድ ላይ ሳይጨርስ ከጠርዙ ጋር ተጋጨ፤ አዲስ ቀለም በግራይንደር መቁረጥም ግድ ሆነ። ተጎታቹ በማይኖርበት ጊዜ ክፍቱ የሚሸፈንበት ተነሺ ክዳን ከተረፈው ላሜራ ይሠራል።

ብየዳውን በተመለከተ ቁጥሩ 7018 የሆነ ኤሌክትሮድ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ከሳበ ብየዳው ውስጥ ለስንጥቅ የሚዳርግ ሃይድሮጅን ስለሚያስገባ ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ በሙቅና ደረቅ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ከመሃል ወደ ዳር፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያፈራረቁ ይበይዱ፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አጽሙን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል። ላሜራው ከአግዳሚዎቹ ጋር ከሥር በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ተበይዶ 15 ሴንቲ ሜትር እየተዘለለ ይያያዛል። ዙሪያውን አንድ ወጥ አድርጎ መበየድ ላሜራውን ያሞግገዋል፤ ሰው በረገጠው ቁጥርም እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። ዚንክ የተቀባ ብረት ካለ ብየዳው የሚነካውን ዚንክ አስቀድመው ይሞርዱ፤ ጭሱ ያሳምማል። የቱቦላሬዎቹ ጫፎች ይከደኑ፤ ከዝቅተኛው ቦታቸው ግን ውስጥ የሚቋጥረው ውሃ የሚወጣበት 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይተውላቸው።

ከሻንሲው ጋር ማሰር

ካሶኒ ከሻንሲ ጋር አይበየድም። የሻንሲው ብረት ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ስለሆነ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ጥንካሬውን ይለውጠዋል፤ ስንጥቁም ከወራት በኋላ ከብየዳው አጠገብ ይጀምራል። የሻንሲው የላይኛውና የታችኛው ከንፈርም አይበሳም፤ መታጠፉን የሚቋቋመው በዋናነት በእነሱ ነው። ፋብሪካው የተዋቸውን ቀዳዳዎች ይጠቀሙ፤ አዲስ ቀዳዳ ግድ ከሆነ የመኪናው አምራች በሚፈቅደው ቦታ፣ በሻንሲው ቋሚ ገጽ ላይ ይበሳል፤ ከበስተጀርባው የፍሬን ቱቦ ወይም ሽቦ አለመኖሩንም አስቀድመው በእጅዎ ያረጋግጡ።

በካሶኒውና በሻንሲው መካከል 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የጎማ ንጣፍ ይገባል። እንጨትም ይሠራል፤ ውሃ ስለሚያቁር ግን ከሥሩ ያለው ብረት ቶሎ ይዝጋል። ይህ ንጣፍ በመያዣው እግር ሥር እንዳይገባ፤ እዚያ ብረት ከብረት ጋር መግጠም አለበት፤ አለበለዚያ ጎማው እየተጨመቀ ሲሄድ ብሎኖቹ ይላላሉ።

ሻንሲ ሲጓዝ ይጠማዘዛል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የተሠራበት ጠባይ ነው። ጠንካራ ካሶኒ በአራቱም ጥጎቹ ድርቅ ብሎ ከታሰረ ወይ ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ወይ ሻንሲው ይሰነጠቃል። ስለዚህ በኋላ በኩል፣ ከአክስሉ አጠገብ ጀምሮ፣ ካሶኒው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በሚያደርጉ ወፍራም የብረት ሳህኖች ይታሰራል፤ ከጋቢናው አጠገብ ያሉት ሁለት ማሰሪያዎች ግን ከብሎኑ በታች ጠንካራ ስፕሪንግ ገብቶባቸው ካሶኒው ጥቂት ሚሊ ሜትር ተነሥቶ እንዲመለስ ይፈቅዱለታል። በጋቢናውና በካሶኒው መካከልም ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር።

ብሎኖቹ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ምልክት ያለባቸው ይሁኑ፤ ዳዶዎቹም እንዳይፈቱ መቆለፊያ ያላቸው። 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 8.8 ብሎን በደረቁ ወደ 200 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። የመያዣውን ብሎኖች ግን ከመያዣው ጋር የመጣው ወረቀት በሚለው ልክ ያጥብቁ። ከታሰረ በኋላ አንዱን የፊት ጎማ 20 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ግንድ ላይ አውጥተው፣ ከዚያም በሰያፍ ትይዩው ያለውን የኋላ ጎማ እንዲሁ አድርገው ካሶኒውን ዙሪያውን ይመልከቱ፤ ጋቢናውን የነካ፣ ከጎማ ጋር የተጠጋ ወይም የተወጠረ ሽቦ ካለ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ነዳጅ፣ መብራትና ቀለም

የነዳጅ መሙያው አንገት ከአዲሱ ካሶኒ ጎን ወይም ከወለሉ ጠርዝ ሥር ይታሰራል። ከአፉ እስከ ታንኩ ድረስ ያለማቋረጥ ወደ ታች ማዘንበል አለበት፤ መሃሉ ላይ የሚጎደጉድ ቱቦ ነዳጅ ያቁርና ፓምፑን በየሰከንዱ ያስቆመዋል። ቀጭኗ የአየር መውጫ ቱቦም አብራ መሄድ አለባት። የብረት አንገት ከሆነ ደግሞ ከሻንሲው ጋር በአጭር ሽቦ ይያያዝ።

የኋላ መብራቶቹ፣ ፍሬቻዎቹ፣ የሰሌዳ መብራቱና አንጸባራቂዎቹ ከቀድሞው ቦታቸው ብዙም ባይርቁ ይመረጣል። ሽቦ ላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባለት። የተጎታቹ መሰኪያ ከኋላ ሳይሆን በመያዣው ክፍት ጎን ቢተከል ገመዱ አጭርና ከመጎተት የራቀ ይሆናል። ተጎታቹ ቢያመልጥ ፍሬኑን በራሱ የሚያሲዘው ቀጭን ገመድ የሚታሰርበት ቀለበትም በካሶኒው አጽም ላይ ለብቻው መበየድ አለበት፤ ከመያዣው ጋር የታሰረ ገመድ መያዣው ሲነቀል አብሮ ስለሚሄድ ምንም አይጠቅምም።

ቀዳዳዎቹ በሙሉ ከተበሱና ሁሉም ነገር አንድ ጊዜ ተገጥሞ ከታየ በኋላ ይፈታና ይቀባል። የብየዳው ቅርፊት ይራገፍ፤ ብረቱ ከዘይት ይጽዳ፤ ሁለት ጊዜ አንቲረስት፣ ከዚያም የላይኛው ቀለም ይቀባ። በላሜራውና በአግዳሚዎቹ መካከል የቀረውን ስንጥቅ ከሥር በኩል በማሸጊያ ይሙሉት፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መሞከር

ተጎታቹ ከመያያዙ በፊት መኪናውን እንደገና ያስመዝኑና ቁጥሩን ከስሌትዎ ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነቱ ከ50 ኪሎ ካለፈ የተረሳ ነገር አለ። ከዚያ ተጎታቹን አያይዘው፣ መቆለፊያው መዘጋቱን ከሥር ገብተው በዓይንዎ ተመልክተው፣ የተጎታቹ እግሮች ከመሬት ጥቂት ሲለቁ፣ የተጎታቹን ፍሬን ይዘው መኪናውን በቀስታ ወደ ፊት ይሳቡት። ፒኑ ካልተቆለፈ ተጎታቹ በእግሮቹ ላይ ይቀራል እንጂ ካሶኒው ላይ አይወድቅም።

ቀጥሎ ሰፊ ሜዳ ላይ ረዳትዎን ከጋቢናው ጎን አቁመው በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ ኋላ እየነዱ ተጎታቹን በሁለቱም ወገን እስከሚችለው ድረስ ያጥፉት። ረዳቱ ጥጉ ከጋቢናው ያለውን ርቀት፣ በሌላኛው ዙር ደግሞ የካሶኒውን የኋላ ጥግ ከተጎታቹ ሆድ ጋር ይከታተል፤ ክፍተቱ አንድ መዳፍ ሲያህል «ቁም» ይበል። ተጎታቹ ተያይዞና ሁሉም ዕቃ ተጭኖ ሳለ የኋላውን አክስል ለመጨረሻ ጊዜ ያስመዝኑ።

ብሎኖቹን ካጠበቁ በኋላ በእያንዳንዱ ዳዶና በአጠገቡ ባለው ብረት ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም በማጥበቂያው ይሞክሯቸው፤ የጎማው ንጣፍ ስለሚረጋ ጥቂቶቹ ሩብ ዙር ያህል መውሰዳቸው አይቀርም። ያንኑ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይድገሙት፤ ከዚያ ወዲያ በየጉዞው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ መስመሮቹ አለመዛነፋቸውን ማየት ይበቃል።